ግብር መሬቱን፣ እድር ሰውየውን፦ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ ሰው ግብርና ጡረታ እንዴት ይሠራል?

ላስታ ውስጥ ኩልመስክ የሚኖር ገበሬ በውርስ ያገኘው ማሳ አጎራባች ቀበሌ ውስጥ ቢሆን፣ የመሬት ግብሩን የሚከፍለው ማሳው ላለበት ቀበሌ ነው። እድሩ ግን እዚያው ኩልመስክ ነው። መሬትህ ወዲያ ማዶ ስለሆነ የማዶውን እድር ግባ የሚለው የለም፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው የሚኖርበት እድር ነው። ግብር መሬቱን ይከተላል፣ እድር ሰውየውን ይከተላል።

ድንበር ተሻግሮ በኮንትራት የሚሠራ ሰው ግራ የሚጋባው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ነው። «ግብር ከፍያለሁ፣ እንግዲህ ጡረታዬም አለ» ይላል። ግብሩ በአንድ ሕግ፣ ጡረታው በሌላ ሕግ ይሄዳል። አንዱን መክፈል ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

ነገሩን ለማየት በአንድ የኩልመስክ ቤት ያደጉ ሦስት ልጆችን በሐሳብ እንውሰድ። ታላቂቱ ጀርመን ትኖራለች፤ መካከለኛው ላሊበላ አስጎብኚ ነው፤ ታናሹ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአምስተርዳም ድርጅት በኮምፒውተር ይሠራል። ሦስቱም የሚከፈላቸው በዩሮ ነው። የሦስቱም ጉዳይ ግን ለየቅል ነው።

ታላቂቱ፦ አኸን አድራ ማስትሪኽት የምትውለው

አኸን የጀርመን ከተማ ናት፤ ማስትሪኽት ደግሞ የኔዘርላንድስ። በመካከላቸው ያለው መንገድ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ታላቂቱ ማስትሪኽት ባለ ድርጅት ተቀጥራ፣ ማታ አኸን ትገባለች እንበል።

ግብሩን እንይ። አገሮቹ ሁለት ጊዜ ግብር እንዳይከፈል ባደረጉት ስምምነት መሠረት፣ የደመወዝ ግብር የሚከፈለው በጥቅሉ ሥራው በአካል ለተሠራበት አገር ነው። ማስትሪኽት የዋለችባቸው ቀናት ለኔዘርላንድስ፣ ቤቷ ሆና የሠራችባቸው ቀናት በአብዛኛው ለጀርመን ይሄዳሉ። ግብር በቀን ተቆጥሮ ሊከፈል የሚችል ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰማው «183 ቀን» የሚባል ቁጥር አለ። «ከ183 ቀን በታች ከሠራሁ ለዚያ አገር ግብር የለብኝም» ይባላል። ይህ ከሦስቱ መስፈርቶች አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ደመወዙን የሚከፍለው ቀጣሪ የዚያ አገር ነዋሪ አለመሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ወጪው ቀጣሪው በዚያ አገር ባለው ቋሚ ቢሮ ላይ አለመውደቁ ነው። ሦስቱ አብረው ካልተሟሉ ቀን መቁጠር አያድንም። የታላቂቱ ቀጣሪ የኔዘርላንድስ ድርጅት ስለሆነ ለአንድ ቀን ብትሠራም ግብሩ እዚያው ነው።

ጡረታው በሌላ መንገድ ይሄዳል። ከግንቦት 2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራበት፣ ቁጥሩ 883/2004 የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ዋና ሐሳቡ አጭር ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚታቀፈው በአንድ አገር የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ብቻ ነው። ጡረታ፣ ሕክምና፣ የሥራ አጥነት መዋጮ ሁሉ በዚያ አገር ሥር ይሆናል። በቀን አይከፋፈልም።

የትኛው አገር? ማስትሪኽት ብቻ የምትሠራ ከሆነ ኔዘርላንድስ። ግን ከሥራዋ 25 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ የሚሠራው በምትኖርበት በጀርመን ከሆነ፣ ልዩ ስምምነት ከሌለ በጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ጀርመን ትዞራለች፤ የኔዘርላንድሱ ቀጣሪም መዋጮውን ለጀርመን መክፈል ይኖርበታል። ከቤት ልሥራ ስትል አለቃዋ የሚያመነታው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ቅጥሩን ትታ በራሷ በኮንትራት ብትሠራስ? የሥራዋ 25 በመቶ ጀርመን ከሆነ በጀርመን ሕግ ትታቀፋለች፤ ካልሆነ የሥራዋ ማዕከል ያለበት አገር ይታያል። በአንዱ አገር ተቀጥራ በሌላው በራሷ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ የተቀጠረችበት አገር ያሸንፋል። አኸን ያላትን ሥራ ሳትዘጋ ለጊዜው ኔዘርላንድስ ሄዳ ተመሳሳይ ሥራ ብትሠራ፣ እስከ 24 ወር በጀርመን ሥር መቆየት ትችላለች። ይህን ሁሉ የሚያረጋግጠው «ኤ1» የሚባል ወረቀት ነው። የሚሰጠው የምትታቀፍበት አገር ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀውም እሱን ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዟ ከዚህ አያስወጣትም። ቁጥሩ 1231/2010 የሆነው ደንብ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩና ከአንድ በላይ አባል አገር ጋር ጉዳይ ያላቸው የሌላ አገር ዜጎችንም አካትቷል። ዴንማርክ ግን በዚህ ደንብ አልታሰረችም፤ ወደዚያ የሚሻገር ሐበሻ ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ትልቁ ጥቅም የሚመጣው በስተእርጅና ነው። ጀርመን መደበኛ የጡረታ አበል ለመስጠት ቢያንስ 5 ዓመት ትጠይቃለች። ታላቂቱ ጀርመን 3 ዓመት፣ ኔዘርላንድስ 4 ዓመት ቢኖራት፣ ዓመታቱ ተደምረው መስፈርቱ ይሟላል። ጀርመን የ3 ዓመቱን ትከፍላለች። ኔዘርላንድስ ለእያንዳንዱ ዓመት ከመሠረታዊ ጡረታዋ 2 በመቶ ስለምትሰጥ የ4 ዓመቱን 8 በመቶ ትከፍላለች። የተሻገረችው ድንበር ዓመቷን አልበላባትም።

መካከለኛው፦ የላሊበላው አስጎብኚ

ለመካከለኛው ገንዘቡን የሚልክለት ሮም ያለ የጉዞ ወኪል ነው። «ገንዘቡ ከጣሊያን ስለመጣ ግብሩ የጣሊያን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሥራው የተሠራው ግን ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ነው። እንግዶቹን ያስጎበኘው ላሊበላ፣ የሚኖረውም ላሊበላ፤ ስለዚህ ግብሩ የኢትዮጵያ ነው። ኢትዮጵያና ጣሊያን ሁለት ጊዜ ግብር እንዳይከፈል ስምምነት አላቸው፤ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኔዘርላንድስ ጋርም እንዲሁ።

በግሉ የሚሠራ ሰው እንደመሆኑ የመለያ ቁጥር (ቲን) አውጥቶ በአካባቢው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ሒሳብ በመዝገብ የሚይዝ ከሆነ ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላ ገቢው ሳይሆን ለሥራው ያወጣው ወጪ ተቀንሶ ከሚቀረው ላይ ነው። ለመኪና፣ ለነዳጅ፣ ለረዳት የከፈለበትን ደረሰኝ የጣለ አስጎብኚ ባላገኘው ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል።

የጡረታው ነገር ግን ባዶ ነው። የሮሙ ወኪል ቀጣሪው አይደለም፤ መዋጮ አይከፍልለትም። የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ ላሊበላ የምትገኝበት ላስታ በቅርቡ አይታዋለች። በ2012 ኮሮና መጣና እንግዳ ቀረ። በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ። ተቀጣሪ ሥራ ቢያጣ ቢያንስ የተጠራቀመ የአገልግሎት ዘመን ይኖረዋል። በኮንትራት የሚሠራው አስጎብኚ ግን ከእድሩና ከዘመዱ ሌላ የሚደገፍበት አልነበረውም።

ታናሹ፦ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአምስተርዳም የሚሠራው

ታናሹ ይህን ሥራ ኩልመስክ ሆኖ ሊሠራው ይችል ነበር፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ግን ወደ አዲስ አበባ ወረደ እንበል። አምስተርዳምን በዓይኑ አላያትም። ሥራው የሚሠራው እዚህ ስለሆነ ለኔዘርላንድስ የሥራ ግብር የለበትም፤ የአውሮፓው የማኅበራዊ ዋስትና ደንብም አይነካውም። ኤ1 ወረቀት ለእሱ ምንም አይፈይድለትም።

የኢትዮጵያ ግብር ግን አለበት። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነን ሰው፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየን ሰው ነዋሪ ይለዋል። ነዋሪ ደግሞ ገቢው ከየትም ዓለም ቢመጣ ግብር ይመለከተዋል። በውጭ አገር ግብር ከፍሎ ከሆነ ይካካስለታል፤ ማካካሻው ግን በዚያ ገቢ ላይ ከሚጣለው የኢትዮጵያ ግብር አይበልጥም፣ ማስረጃም ይጠየቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ተቀጣሪ ነው ወይስ በራሱ የሚሠራ የሚለው ነው። ውሉ ላይ «ኮንትራክተር» ተብሎ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። አዋጁ የሚያየው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ነው። በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ተቀጣሪ ነው፤ የአሠራሩን ሥልጣን በዋናነት በእጁ የያዘ ደግሞ በራሱ የሚሠራ ነው። ጀርመንም ተመሳሳይ ሚዛን አላት፤ በስም ኮንትራክተር፣ በተግባር ተቀጣሪ የሆነ ሰው ሲገኝ ያልተከፈለው መዋጮ ከአሠሪው ላይ ይጠየቃል። የአምስተርዳሙ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሮ ስለሌለው ግን ለታናሹ ግብር ቀንሶ የሚያስገባለት የለም። ማስታወቅም፣ መክፈልም የራሱ ሥራ ነው።

ልዩነቱ በብር ሲታይ

ኢትዮጵያ ውስጥ በወር 20,000 ብር ደመወዝ ያለው የግል ድርጅት ሠራተኛ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ ከ15 በመቶ ተነስቶ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ሲሰላ ግብሩ 4,950 ብር ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ ማለትም 1,400 ብር ለጡረታ ያዋጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ፣ 2,200 ብር ይጨምርለታል። በእጁ የሚገባው 13,650 ብር ሲሆን፣ በስሙ በየወሩ 3,600 ብር ጡረታ ይገባል።

በዚሁ 20,000 ብር በኮንትራት የሚሠራው ሰው 1,400 ብሩ አልተቆረጠበትም፤ ስለዚህ ብዙ ያገኘ ይመስለዋል። በዓመት ሲታይ ግን በስሙ ያልገባው 43,200 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 26,400 ብሩን አሠሪ ይከፍልለት ነበር። የኮንትራት ዋጋ ሲደራደር ከደመወዝ ጋር እኩል ብር የተቀበለ ሰው አሠሪው ይከፍል የነበረውን ያህል ቀንሶ ተስማምቷል ማለት ነው።

በአገራችን የጡረታ ሕግ ለወርሃዊ አበል በጥቅሉ 60 ዓመት ዕድሜና ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። በአውሮፓ የተከፈለ ዓመት ከዚህ ጋር የሚደመረው በአገሮቹ መካከል የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ካለ ብቻ ነው። የግብር ስምምነት መኖሩ ለዚህ አይበቃም። ታላቂቱ ነገ ወደ ኩልመስክ ብትመለስ ይህ በቀጥታ ይነካታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከመፈረም በፊት ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ይጠይቁ፦ ግብሩን ለየትኛው አገር፣ ጡረታውን በየትኛው አገር? መልሱ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

አውሮፓ ያሉ ከሆነ፣ ድንበር ከመሻገርዎ በፊት ኤ1 ወረቀቱን ያውጡ፤ በየአገሩ የሠሩበትን ቀን ይመዝግቡ፤ መዋጮ የተከፈለበትን ማስረጃ አይጣሉ።

አገር ቤት ሆነው ከውጭ የሚከፈልዎ ከሆነ፣ ክፍያው በባንክ ይግባ፤ ውሉን፣ የሒሳብ መጠየቂያውንና የገባበትን ቀን ምንዛሪ አብረው ያስቀምጡ። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን አይርሱ፤ የአውሮፓው ድርጅት የሚልክልዎ የዓመት ማጠቃለያ አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለሚቆጠር ወደ እኛው አቆጣጠር መቀየር አለበት።

ጡረታን በሚመለከት፣ የ2003ቱ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ የሚሠሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲታቀፉ በር ከፍቶ ነበር። ይህ አዋጅ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። ስለዚህ በራስዎ የሚሠሩ ከሆነ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ ቀርበው፣ ዛሬ በምን ሁኔታ መግባት እንደሚችሉ ይጠይቁ። መግባት ካልተቻለ፣ በየወሩ ከገቢዎ 18 በመቶውን በተለየ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ ተቀጣሪ ቢሆኑ በስምዎ ይገባ የነበረው ያ ነው።

ግብር ያልከፈለን ሰው መንግሥት ፈልጎ ያገኘዋል። ጡረታ ያላጠራቀመን ኮንትራክተር ግን ፈልጎ የሚያስታውሰው የለም፤ ራሱ ካላሰበበት ማንም አያስብለትም።