ከመሬት በላይና ከመሬት በታች፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር

የከተማ መንገድ ሲጣበብ ወይ ወደ ላይ መውጣት፣ ወይ ወደ ታች መውረድ ግድ ይሆናል። በናይሮቢ እስከ ዌስትላንድስ የሚዘልቀውና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ በከተማው መካከል በምሰሶ ላይ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግን በሁለቱም ዘዴ ተሠርቷል።

መጀመሪያ ወደ ላይ የወጣውን እንመልከት። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው መስመር 17.4 ኪሎ ሜትር፣ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የተዘረጋው ደግሞ 16.9 ኪሎ ሜትር ነው። ድምሩ 34.3 ይሆናል። የሐዲዱ ጠቅላላ ርዝመት ግን 31.6 ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከስታዲዮም እስከ ልደታ ያለውን 2.7 ኪሎ ሜትር ሁለቱ መስመሮች በአንድ ድልድይ ላይ በጋራ ስለሚጠቀሙበት ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ጣቢያዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ በየመስመሩ 22 ሲሆኑ 5ቱ የጋራ በመሆናቸው በጠቅላላው 39 ናቸው። የሒሳብ መምህራን የስብስብን ትምህርት በዚህ ቢያስረዱ ተማሪው በቀላሉ ይገባዋል።

የጋራ ሐዲድ ቦታና ወጪ ይቆጥባል፤ ተሳፋሪውም ከአንዱ ባቡር ወርዶ በዚያው ጣቢያ ሌላውን ይጠብቃል። ሆኖም በዚያ ክፍል አንድ ባቡር ቢበላሽ የሁለቱም መስመር ጉዞ ይታወካል።

ወደ ታች የወረደው ክፍል የሚገኘው በማዘጋጃ ቤት አካባቢ ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው አነስተኛ ስለ ሆነ ባቡር ዳገትን እንደ መኪና አይወጣም። ስለዚህ ከአትክልት ተራ በላይ ሐዲዱ ወደ ዋሻ ገብቶ በምኒልክ አደባባይ ከመሬት በታች በተሠራ ጣቢያ ያበቃል።

የዋሻው ዋጋ ግን በገንዘብ ብቻ የሚተመን አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ወራሪዎች በጥይት የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በግንባታው ምክንያት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሣ። ብዙ ሰው አዘነ፤ ይመለስ ይሆን ብሎም ሠጋ። ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ።

እንግዲህ መሐንዲስ ለመሆን የሚመኙ ተማሪዎቻችን ከርዝመትና ከዳገት ሌላ አንድ ነገር መለካት እንዳለባቸው ልናስተምራቸው ይገባል፤ ይኸውም በሚቆፈረው መሬት ላይ ሕዝብ ያኖረው መታሰቢያ ነው።