ተመራጮች ስለ ሕዝብ መብት በአደባባይ ሊናገሩ ይገባል

የሕዝብ ተወካይ የሚቀመጥበት ወንበር የመራጩ አደራ ነው። ስለዚህ የራያ ቆቦ አርሶ አደርም ሆነ የቆቦ ከተማ ነዋሪ «ወኪላችን ስለ እኛ ምን ተናገረ?» ብሎ ሊጠይቅ መብት አለው።

የዝምታን ዋጋ ይህ አካባቢ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ እጅግ ከተጎዱት አንዱ የራያና ቆቦ አውራጃ ነበር። በዘመኑ ሕዝብ የመረጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቢኖርም ባለሥልጣናት ጉዳቱን ሸሸጉት። ነገሩን ይፋ ያወጡት በሚያዝያ 1965 ፎቶግራፎችን ያሳዩ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ናቸው። እርዳታው በብዛት የደረሰው ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ ነው።

ዛሬም የሚናገርለት የሚሻ ጉዳይ አለ። በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች በቆቦ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። የሟች ቤተሰቦች የፍትሕና የካሣ ጥያቄ ከቀበሌ አልፎ እንዲሰማ በምክር ቤት የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል።

ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ተገዥነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። አባሉ በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ አይከሰስም፤ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይታሰርም። ጥበቃው የተሰጠው ለተመራጩ ክብር ሳይሆን ሕዝቡ ያለ ፍርሃት የሚናገርለት እንዲያገኝ ነው።

ጥበቃው ግን በተግባር ተፈትኗል። የምክር ቤቱ አባል ክርስቲያን ታደለ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት፣ ያለመከሰስ መብታቸው ከመነሳቱ በፊት ታስረዋል። ለብቻው የሚናገር ሰው በቀላሉ ዝም ይሰኛል፤ ብዙዎች አብረው ሲናገሩ ግን ሁሉንም ዝም ማሰኘት ይከብዳል።

መራጩም ድርሻ አለው። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ሲያበቃ ወኪሉ ወደ መራጩ የሚመለስበት ጊዜ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥያቄን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ማቅረብ፣ መልሱንም በሕዝብ ፊት መጠየቅ ይገባል። አንቀጽ 12 እንደሚለው ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳ ይችላል። አደራ የሰጠ፣ አደራውን መጠየቅም ይችላል።