ዕቁቡ በብር፣ የልጁ ጉዞ በዶላር

አንድ የአሥረኛ ወይም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ወደ አሜሪካ ለሚደረግ የክረምት ትምህርት ጉዞ መመረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ ቤቱ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ደስታ ብዙም አይቆይም። አባት ደብዳቤውን ገልበጥ አድርጎ የክፍያውን መስመር ይፈልጋል። እዚያ ላይ የሰፈረው ቁጥር በዶላር ነው። የሱቁ ሽያጭ፣ የወር ደመወዙ፣ ዕቁቡና የዘመድ መዋጮው ግን ሁሉም በብር ነው። እናት ለእህቶቿ፣ ልጁ ለጓደኞቹ ደውለው ሳይጨርሱ ጉዳዩ የትምህርት መሆኑ ቀርቶ የገበያ ጉዳይ ይሆናል።

ጊዜውም አጭር ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በየካቲትና በመጋቢት ሲሆን ትምህርቱ የሚጀመረው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ነው። በመካከሉ ያለው አራት ወር ገደማ፣ በወር ዕቁብ አቆጣጠር አራት ዕጣ ማለት ነው። (ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ሌላም ችግር አለ፤ ብሔራዊ ፈተናው በቅርብ ዓመታት የሚሰጠው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ በመሆኑ ከጉዞው ጋር ይጋጫል።)

ለስሌት እንዲመች የትምህርት ክፍያው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የቪዛ ወጪውና የኪስ ገንዘቡ ተደምሮ 4,000 ዶላር ይፈጃል እንበል። ይህ ቁጥር በአሜሪካ ገበያ ያው 4,000 ነው። በአዲስ አበባ ግን እንደ ቀኑ ይለያያል። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር በተለወጠበት ዕለት ይኸው 4,000 ዶላር ከ8,280 ብር ወደ 20,000 ብር ዘለለ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲቀንስ የልጁ ጉዞ ከ94,000 ብር ገደማ ወደ 108,000 ብር አካባቢ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ ደግሞ የዶላር ዋጋ በአንድ ቀን ከ57 ብር ግድም ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ ወራት ሳይቆጠሩም ከ100 ብር አልፎ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ120 በላይ፣ በዓመቱ መጨረሻም ከ130 በላይ ሆነ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. 230,000 ብር አጠራቅሞ «ሞላልኝ» ያለ ቤተሰብ በዓመቱ በዚያው ገንዘብ የጉዞውን ግማሽ እንኳ መሸፈን አልቻለም።

እርግጥ ነው፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የነበረው የባንክ ዋጋ ዝቅተኛ ቢሆንም ዶላሩ በዚያ ዋጋ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ወረፋ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ለውጡ ቤተሰቡ በወረፋ ፋንታ በዋጋ መክፈሉ ነው።

ዕጣ የሚገዛ አባት

ነጋዴው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ዕቁቡን ነው። ሃያ አባላት ያሉት፣ በወር 30,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ እንውሰድ። አንድ ዕጣ 600,000 ብር ነው። ዶላሩ 140 ብር ቢሆን ለልጁ የሚያስፈልገው 560,000 ብር ስለሆነ ዕጣው ይበቃል። ችግሩ መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። በብዙ ዕቁቦች የመጀመሪያው ዕጣ የዳኛው ነው፤ የቀረው በዕድል ይወጣል። አባትየው ዕጣው በአራተኛው ወር ቢወጣለት እሰየው፤ በአሥራ አራተኛው ቢወጣ ግን ጉዞው ካለፈ በኋላ የደረሰ ገንዘብ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ቢያስቀምጠውም በዚያ መሐል ዶላር 10 በመቶ ጨምሮ 154 ብር ቢገባ ያ 600,000 ብር የሚገዛው 4,286 ዶላር መሆኑ ቀርቶ 3,896 ዶላር ይሆናል። ዕቁብተኛው አንድም ብር ሳይጎድልበት ልጁ ጎደለበት ማለት ነው።

ስለዚህ ዕጣ ይገዛል። አሠራሩን የመርካቶ ሰው ያውቀዋል። በአራተኛው ወር ዕጣ የወጣለት አባል ገንዘቡን ያን ያህል ካልቸኮለበት ለፈላጊ ይለቅለታል፤ ለውለታው የተወሰነ ገንዘብ ይወስዳል፣ ገዢውም የራሱ ዕጣ ሲወጣ ለሻጩ ያስረክባል። ሻጩ 30,000 ብር ቢጠይቅ አባት 570,000 ብር ይዞ ይሄዳል። በ140 ሲመነዘር 4,071 ዶላር፣ ለጉዞው ልክ የሚበቃ ነው።

ይህ 30,000 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ? በጥድፊያ ሲታይ ከ600,000 ላይ 5 በመቶ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አባትየው እስከ አራተኛው ወር ድረስ የራሱን 120,000 ብር ጥሏል፤ ስለዚህ የተበደረው 480,000 ብር ነው፣ እሱንም በአሥራ ስድስት ወር ይጥላል። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ በአማካይ በእጁ የሚቆየው የሰው ገንዘብ 250,000 ብር ገደማ ነው። በዚህ ላይ ለአሥራ ስድስት ወር 30,000 ብር መክፈል በዓመት ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያስታወቀው የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ዕቁቡ ርካሽ ነው፤ ካርታ አስይዝም አይልም። ሻጩ 60,000 ከጠየቀ ግን ወለዱ ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን አባትየው ሌላ በር ቢያንኳኳ ይሻላል።

ከወለዱ ይልቅ መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። ዕቁብ ለነጋዴ የሚመቸው ዕጣው ሸቀጥ ሆኖ፣ ሸቀጡ ተሽጦ፣ ከትርፉ የሚቀጥለው ወር ዕቁብ ስለሚጣል ነው። የልጅ ጉዞ አይዞርም። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ ወጣ። የቀረው የአሥራ ስድስት ወር መዋጮ ከሌላ ገቢ መምጣት አለበት፤ የሱቁን መሠረታዊ ካፒታል መንካት ከተጀመረ ደግሞ ነገሩ ልጅን ከማስተማር ሱቅን ወደ መዝጋት ይሄዳል። የዕቁቡ ዳኛና ዋሶቹም ይህን ስለሚያውቁ ዕጣው ለምን እንደተፈለገ ሲሰሙ ዋሱን ጠበቅ ማድረጋቸው ክፋት አይደለም። በወር 30,000 ብር ከትርፍ ላይ ማውጣት የማይችል አባት ዕጣውን ባይገዛ ይመረጣል።

ውጭ ያለ ዘመድ

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ አክስት ወይም ወንድም ያለው ቤተሰብ ነገሩ ይቀልለታል፤ እዚህም ግን የስሌት ስሕተት ይሠራል። ዘመድ 1,000 ዶላር ይልካል፤ ዶላሩ በባንክ በመግዣ ዋጋ ተመንዝሮ ብር ይሆናል፤ ከወር በኋላ ቤተሰቡ ያንኑ ብር ይዞ በመሸጫ ዋጋ፣ ከኮሚሽን ጋር፣ ዶላር ለመግዛት ባንክ ይሰለፋል። አንድ ዶላር ሁለት ጊዜ ቀረጥ ከፈለ እንደ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ የክፍያ መጠየቂያ ከላከ ዘመድየው ከዚያው በቀጥታ ቢከፍል ልዩነቱ ሁሉ ይቀራል፤ ደረሰኙም በልጁ ስም ስለሚመጣ ለቪዛ ቃለ መጠይቁ ይጠቅማል። ይህ የሚሠራው ዘመድ በስጦታ ሲከፍል ነው። «እዚያ ክፈልልኝ፣ እዚህ በብር ለእናትህ እሰጣለሁ» የሚለው ውል ከባንክ ውጭ የሚደረግ የምንዛሪ ንግድ ስለሆነ ሕጉ አይፈቅደውም።

ገንዘቡ የግድ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ከሆነም ሌላ መንገድ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ አገር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ከውጭ በተላከላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱና ከዚያ ላይ ለውጭ አገልግሎት እንዲከፍሉ ፈቅዷል። ዶላሩ ብር ሳይሆን ይቆያል ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ መንዝሮ ይጨርሳል።

ብዙ ሰው በጥቂት በጥቂቱ እንዲያዋጣ በኢንተርኔት የሚደረገው መዋጮ፣ በተለይ ጎፈንድሚ፣ በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ኩባንያው ገንዘቡን ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ስለማይከፍል አሜሪካ ወይም ኩባንያው በሚሠራበት ሌላ አገር ያለ ዘመድ በስሙ ማውጣት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ መዋጮ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ሃያ ሰው መቶ መቶ ዶላር ቢሰጥ ከ2,000ው ላይ 64 ዶላር ይቀነሳል፤ መቶ ሰው ሃያ ሃያ ዶላር ቢሰጥ ግን 88 ዶላር። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የቪዛውን ክፍያ ሲያስቡት ግን ትንሽ አይደለም።

ግብዣና ቶምቦላ

የእራት ካርድ መሸጥ ይቻላል። ነገር ግን ሥጋው፣ መጠጡና አዳራሹ ከካርዱ ዋጋ ላይ ብዙውን ሲበላ ቤተሰቡ ለእንግዶቹ ደግሶ ባዶ እጁን ይቀራል። ቤት ውስጥ ቡና አፍልቶ ጎረቤትና የዕድር ሰው መጥራት ወጪው ያነሰ፣ የሚገባው የተሻለ ነው። ቶምቦላ ለማውጣት የሚያስብ ሰው ደግሞ ዕጣ ማውጣት ከሎተሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ለበጎ ሥራ ነው ማለት ከፈቃድ ነፃ አያደርግም።

ልጁ ራሱ የሚያመጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። አራት የታችኛው ክፍል ልጆችን በወር ሁለት ሁለት ሺህ ብር እያስጠና ለስድስት ወር ቢሠራ 48,000 ብር ይሆናል፤ ከመዋጮ ጠያቂነት ወደ ድርሻ ከፋይነት የሚያሸጋግረውም ይህ ነው። ልጁ 48,000 አምጥቷል የተባለ አጎት ሁለት ሺህ ሊሰጥ አስቦ ከነበረ አምስት ሺህ ይሰጣል። ገንዘቡ ሁሉ ለዚህ ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ገብቶ፣ ማን ስንት እንደሰጠ በደብተር መያዝ አለበት። ልጁ 18 ዓመት ያልሞላው ስለሆነ ውሉንም ሒሳቡንም የሚፈርመው ወላጁ ነው።

ከሁሉም የሚረክሰው ገንዘብ ግን የማይከፈለው ነው። የዋጋ ቅናሽ ወይም ድጎማ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከመመረጫው ደብዳቤ በፊት፣ ከምዝገባው ጋር አብሮ የሚቀርብ ስለሆነ ግን በመጋቢት የጠየቀ ይዘገያል። እዚህ የአንድ ገጽ ደብዳቤ አንድ ሺህ ዶላር ሊያስቀር ይችላል፤ በ140 ሒሳብ 140,000 ብር ነው። ይህን ያህል የሚያስገባ የእራት ግብዣ እምብዛም አይገኝም።

ቪዛው ቢከለከልስ?

መዋጮ ሰጪ ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው፣ በአፉ ግን የማይናገረው ይህን ነው። ትምህርቱ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ከሆነ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር፣ ሴቪስ የሚባለው የተማሪዎች መመዝገቢያ 350 ዶላር ነው። ሁለቱ 535 ዶላር፣ በ140 ሲመነዘር 74,900 ብር ይሆናሉ። ቪዛው ቢከለከልም አይመለሱም። መጀመሪያ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ እነሱ ናቸው፤ ቃለ መጠይቁ ከዕጣው ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ በዚህ ላይ የሰው ገንዘብ ማዋል አይገባም፤ የወላጅና የልጁ የራሳቸው ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል። የዕቁቡም፣ የዘመዱም፣ የጎረቤቱም መዋጮ ቪዛው ከተመታ በኋላ የሚነካ መሆን አለበት። ቲኬትም እንዲሁ፦ የማይመለስ ርካሽ ቲኬት ከቪዛው በፊት መግዛት ቁማር ነው።

ሌላው፣ ከቃለ መጠይቁ አንድ ሳምንት በፊት በወላጅ ሒሳብ ላይ በድንገት የገባ 570,000 ብር ለቆንስሉ ጥያቄ ይፈጥራል። የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የፈረሙበት ወረቀት፣ ከዘመድ የተላከበት ደረሰኝና የመዋጮው ደብተር አብረው ቢቀርቡ የገንዘቡ ምንጭ ይታወቃል።

መዋጮ ሲሰበሰብ ጀምሮ ጉዞው ካልተሳካ በስንት ቀን ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚመለስ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። ለትምህርት ቤቱ የተከፈለው በዶላር ከተመለሰ በተመለሰበት ቀን ምንዛሪ የሚገኘው ብር ከተዋጣው ሊበልጥ ይችላል፤ ትርፉ የማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ፤ የወንድማማች ጠብ የሚነሣው ከኪሳራ ብቻ አይደለምና። ዕጣ የገዛው አባት ቪዛው ቢከለከልም አሥራ ስድስቱን ወር መጣሉ አይቀርም፤ ገንዘቡን ካልነካው ግን ሸቀጥ ገዝቶበት ያዞረዋል።

የተከለከለው ልጅ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ እንደገና ካመለከተ የሴቪሱን 350 ዶላር ደግሞ አይከፍልም። ቤተሰቡ ለሁለተኛው ሙከራ መጀመሪያ የሚያወጣው 185 ዶላሩን ነው።