«ግማሽ ነው አይደል የሚደርስሽ?»

ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ሙስሊም ጥያቄ አያጣም። በአንድ በኩል አራዳ ጊዮርጊስ፣ በሌላ በኩል እኛ «በኒ» የምንለው ኑር መስጊድ… ቅዳሴውም አዛኑም እኩል ጆሯችን ውስጥ እየገባ ነው ያደግነው። ታዲያ ጎረቤት ጎረቤቱን ቢጠይቅ ምን ይገርማል? እኔን የሚገርመኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያው ጥያቄ መሆኑ ነው! በ2016 ዓ.ም ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር ፈርሰው ጎረቤት ሲበተን፣ ጥያቄዎቹም አብረው የተበተኑ መስሎኝ ነበር። የት! ኮንዶሚኒየም ድረስ ተከተሉኝ።

«በዚህ ፀሐይ ሻርፑ አይሞቅሽም?» ይሞቀኛል። ነጠላ የተከናነቡትንም እናት ይሞቃቸዋል፤ እሳቸውን ማንም አይጠይቃቸውም እንጂ። «በረመዳን ውኃም አትጠጡም?» አዎ፣ ውኃም። «ማርያምን ትወዳላችሁ?» ላለችኝ የቢሮ ጓደኛዬ ግን ቁጭ ብዬ ነው የነገርኳት። በቁርአን ውስጥ በስሟ የተጠራች ሴት እሷ ብቻ ናት፤ 19ኛው ምዕራፍም በስሟ ይጠራል። ከመካ ሸሽተው ሐበሻ የገቡት ሶሓቦች ንጉሡ ፊት ቀርበው ያነበቡትም ከዚሁ ምዕራፍ እንደሆነ ነው ከታላላቆቻችን የሰማነው። ጓደኛዬ ዓይኗ ፈጠጠ። «እና እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። እናንተ ፍረዱ፤ ያልጠየቀችኝ እሷ!

የአራቱ ሚስት ነገርማ አይነሣ። ወንዶቻችን ቁጥሯን ሲያስታውሱ፣ ማስተካከል ለማይችል ሰው አንዲት ብቻ የምትለውን ማስጠንቀቂያ ይዘሏታል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ላይ ትዳር ይከለክላል። እዚህ ላይ አበቃሁ።

ከባዷ ጥያቄ የመጣችው አባቴ ሲሞት ነው። የተወልን አንዲት ሱቅና ጥቂት ገንዘብ ነበር። ልጆቹ እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ሰደቃው እንዳለፈ ወንድሜ «በሸሪአ ፍርድ ቤት እንጨርሰው» አለ። ይህንን የሰማች ያቺው የቢሮ ጓደኛዬ «ግማሽ ነው አይደል የሚደርስሽ? እምቢ በይ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ።

አዎ፣ ለሴት ልጅ የሚደርሳት የወንድሟ ግማሽ ነው። አልሸሸግም። ግን ግማሹ ብቻውን የተደነገገ አይደለም። ወንዱ እጥፉን ሲወስድ የቀለብ ግዴታ አብሮ ይጫንበታል፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የተቸገሩ እናቱን። ሴቷ ግን ደመወዟም ሆነ ውርሷ የራሷ ነው፤ መህሯ እንኳ የአባቷ ሳይሆን የእሷ ነው። ይህንን ስናገር ሁልጊዜ ደረቴን ነፍቼ ነበር። የአባቴ ሰደቃ ማግስት ግን አንድ ነገር ከነከነኝ… የኛ ቤት ግዴታ የት አለ? እናቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ናት። መድኃኒቷን የምገዛው እኔ ነኝ። ወንድሜ ለዒድ በግ ይዞ ይመጣል፤ አላህ ይስጠው፣ በግ ግን የስኳር በሽታ መድኃኒት አይሆንም።

እህቶቼ፣ ይችን ልብ በሉ። የፌዴራል ሸሪአ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ጉዳይ የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። መጥሪያ ደርሷችሁ ካልቀረባችሁ ግን እንደተስማማችሁ ይቆጠራል። ስለዚህ «ወንድሜን እንዴት እጋፈጣለሁ» ብሎ ቤት መደበቅ ያው ፈርሞ መስጠት ነው። ደግሞም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ከመሮጣችሁ በፊት አስሉ። እዚያ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ፤ ሚስት ግን የጋራ ንብረቷን ግማሽ ትወስዳለች እንጂ ባሏን አትወርስም። በሸሪአ ልጅ ያላት ሚስት ከባሏ ውርስ ስምንተኛው ይደርሳታል። ለእኔ የጎደለው ለእናቴ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ይህንን የነገሩኝ ጠበቃ እስኪብራራልኝ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ጽፈውልኛል።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የሰፈራችን ኡስታዝም መጡ። እኔም «ሸሪአ ከሆነ ሙሉው ሸሪአ ይሁን!» አልኩ። «እጥፉን ውሰድ። የእናታችንን ቀለብም መድኃኒትም አብረህ ውሰድ።» ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ኡስታዙ ጢማቸውን እየዳበሱ «ልክ ብላለች፤ ይሄ ግዴታ የሷ ሳይሆን ያንተ ነው» አሉት። እናቴ ከጓዳ ሆና ስታዳምጥ ኖሯል፤ «እኔን እንደ ሱቁ አትካፈሉኝ!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም አፈርን። የትም እንደማትሄድ፣ ከእኔ ጋር እንደምትኖር ነግራን ተመልሳ ገባች።

በመጨረሻ ድርሻው በሸሪአ ተከፈለ። ወንድሜ በየወሩ ለእናታችን የሚቆርጠው ገንዘብም በጽሑፍ ሰፍሮ በሽማግሎቹ ፊት ፈረመ። ጓደኛዬ «ታዲያ ተሸነፍሽ በይኛ!» አለችኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። ወንድሜ ይከፍላል። አንዳንድ ወር ይዘገያል፤ ያኔ እደውልለታለሁ።