ቁናው ሞልቷል፤ ግን ስንት ይይዛል?

ከመገናኛ ወደ ገርጂ፣ ከገርጂም ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም በሚወስደው መንገድ አካባቢ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው፣ ገና በሩን ከፍቶ ሳይቀመጥ፣ ደላላው ጣቱን ወደ ዳሽቦርዱ ዘርግቶ «ይኸው ይመልከቱት ጋሼ፤ መቶ በመቶ ነው፤ ባትሪው አልተነካም» ሲለው መስማቱ የማይቀር ሆኗል። ገዢውም ዕድሜውን ሙሉ የነዳጅ ጌጅ ሲያነብ የኖረ ስለ ሆነ፣ የሞላውን ምልክት ባየ ጊዜ ልቡናው ያርፍና ወደ ቀለሙ፣ ወደ ወንበሩና ወደ ሊብሬው ምርመራ ይሻገራል። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው። በቅርብ ያየሁት ጉዳት ባይኖር ኖሮ ከብዙ የገበያ አነጋገሮች እንደ አንዱ ቆጥሬ ባለፍሁት ነበር።

በሰሚት የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምረው በጡረታ የተሰናበቱ፣ ዕቁብ በወጣላቸው ገንዘብ ላይ የልጆቻቸው መዋጮ ታክሎበት፣ የባትሪው አቅም 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የተባለ መኪና ገዙ። በተረከቡበት ቀን ስክሪኑ መቶ በመቶ ይላል፤ ከጎኑም 410 ኪሎ ሜትር የሚል ቁጥር ተጽፏል። ወር ሳይሞላ ለዘመድ ተዝካር ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ ሆነና፣ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደርሶ መልሱም 260 ስለ ሆነ፣ 410 ለሚሄድ መኪና ይህ ምን ይከብደዋል ብለው ቤተ ሰባቸውን አሳፍረው በአያት በኩል ወጡ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ከፍ ያለና የሚቀዘቅዝ አገር ነውና፣ አቀበቱም ፍጥነቱም ጭነቱም ተደማምሮ፣ ሲደርሱ የቀራቸው ከመቶ 40 እጅ ነበር። በዘመድ ቤት ያለው የመብራት መስመር ቀጭን ስለ ሆነ ቻርጅ ለማድረግ አልደፈሩም። በመልሱ ጉዞ ሰንዳፋ ሳይደርሱ መኪናው በሌሊት ቆመ፤ ሽማግሌው ከነልጅ ልጆቻቸው በብርድ ሲጠብቁ አድረው መኪናው በጭነት ተጭኖ ገባ። በማግስቱ አንድ ባለሙያ መመርመሪያ መሣሪያ ሰክቶ ባነበበ ጊዜ፣ የባትሪው ቀሪ አቅም ከመቶ 77 እጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ 60 የተባለው ባትሪ ሞልቶ የሚይዘው 46 ብቻ ነበር፤ የተከፈለው ዋጋ ግን የ60ው ነው።

ነገሩን በቁና መስሎ ማስረዳት ይቻላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው መቶ፣ ቁናው እስከ አፉ መሙላቱን ይናገራል እንጂ ቁናው ራሱ ስንት እንደሚይዝ አይናገርም። የቤንዚን ታንከር በዘመን ብዛት አይጠብም፤ ዛሬ 50 ሊትር የሚይዝ ከአሥር ዓመት በኋላም 50 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ ጌጅን አምኖ የኖረ ሰው ዳሽቦርዱን ማመኑ ከልምድ የመጣ ምክንያት ያለው እምነት ነው፤ ማንም በሞኝነት ሊነቅፈው አይገባም። የሊቲየም ባትሪ ጠባይ ግን ሌላ ነው። በሞላና በጎደለ ቍጥር፣ ሳይነዳም ቢሆን በዕድሜው ብዛት፣ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ እየደከመ የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል፤ መኪናው ደግሞ የቀረውን አቅም ሁልጊዜ እንደ አዲስ «መቶ» ብሎ ይቈጥረዋል። የዕለቱ ሙላት አንድ ነገር ነው፤ የባትሪው ጤንነት ሌላ ነገር ነው፤ ደላላው የሚያሳየው የመጀመሪያውን፣ ገዢው የሚከፍለው ግን ስለ ሁለተኛው ነው።

ከመቶው ጎን የሚጻፈው የኪሎ ሜትር ቁጥርም እንደ ምስክር ሊቈጠር አይገባም። በከተማችን ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የጉዟቸው ርቀት የተለካበት የቻይናው መመዘኛም አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ለመኪናው እጅግ የሚያዳላ ፈተና ነው። አንዳንዱ መኪና ይህንኑ የፋብሪካ ቁጥር በሙላቱ መጠን እያባዛ ያሳያል፤ ሌላው ከቅርብ ቀናት አነዳድ ተነሥቶ ይገምታል፤ ስለዚህ ከመሸጡ በፊት ሳምንት ሙሉ በቦሌ የውስጥ መንገዶች በዝግታ የተነዳ መኪና በገዢው ፊት ረጅም ተስፋ ጽፎ ይቀርባል።

እውነተኛውን መስፈሪያ ማግኘት ግን የሚያስቸግር አይደለም። መኪናው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል ከተባለ፣ ከመቶ 20 እጅ እስኪቀር ተነድቶ፣ የቤቱ ሌላ መብራትና ምጣድ ጠፍቶ፣ የቆጣሪው ንባብ ተጽፎ ሌሊቱን እስከ መቶ ይሞላ። ጤነኛ ባትሪ 48 ይቀበላል፤ ሲሞላ የሚባክነው ከመቶ 10 እጅ ገደማ ስለ ሆነ ቆጣሪው 53 አካባቢ ማንበብ አለበት። የጎረቤቴ መኪና በዚህ ዓይነት ቢፈተን ኖሮ ከ53 ይልቅ 41 አካባቢ ባነበበ ነበር። ሻጩ ሌሊቱን አልሰጥም ካለ፣ የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያዎች የሰጡትን የኪሎ ዋት ሰዓት መጠን በራሳቸው ላይ ስለሚያሳዩ በዚያ መለካት ይቻላል። ከዚህም ጋር የባትሪውን መቆጣጠሪያ በመሣሪያ የሚያነብ ባለሙያ ይጠራ፤ የእያንዳንዱን ሕዋስ ቮልቴጅ አነጻጽሮ ከባልንጀሮቹ የተለየ ደካማ ካለ ለገዢው ይነግረዋል፤ አንድ ደካማ ሕዋስ መላውን ባትሪ ወደ ኋላ ይጎትታልና። ብዙ ፋብሪካዎች በ8 ዓመት ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ አቅሙ ከመቶ 70 በታች ለወረደ ባትሪ ዋስትና መስጠታቸው እውነት ቢሆንም፣ ያ ዋስትና በሌላ ነጋዴ እጅ አገር የገባውን መኪና መከተሉ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ በቀር በእርሱ መጽናናት አይገባም።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ውሳኔውን ካሳወቀ ወዲህ፣ የዚህ ገበያ መስፋት የሚያስደንቅ አይደለም፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ጥሪቱን ሁሉ ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ የሙላትንና የጤንነትን ልዩነት ራሳቸው እያወቁ «መቶ በመቶ» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች በገዛ ኅሊናቸው ላይ የሚሠሩትን ግፍ በዝምታ ማለፍ አልችልም። በሐሰተኛ ቁና መስፈር በአባቶቻችን ዘመን በእህል ገበያ ኀጢአትና ነውር ነበር፤ መስፈሪያው በስክሪን ላይ ስለ ተጻፈ ነውሩ አልቀረለትም።

በዚህ ገበያ የሚሰሙ ሌሎች ስሕተቶችም አሉ። «የተነዳው ኪሎ ሜትር ትንሽ ከሆነ ባትሪው አዲስ ነው» የሚለው አነጋገር የ«መቶ በመቶ»ው ስሕተት ታናሽ ወንድም ነው፤ ሞልቶ በፀሐይ ላይ ለወራት የቆመ መኪና ሳይነዳ ያረጃልና። በአንጻሩም «ባትሪው በሦስት ዓመት ይሞታል» የሚሉት ፍርሃት ያለ ልክ ነው፤ በመልካም አያያዝ የብዙዎቹ መኪናዎች ባትሪ በዓመት የሚያጣው ከመቶ 2 እጅ ገደማ ነው፤ ሙቀት ዋና ጠላቱ ስለ ሆነ ደግሞ የአዲስ አበባ ደጋነት ይጠቅመዋል። ከፍታው የመኪናውን ጉልበት ይቀንሳል መባሉም የተገለበጠ ነገር ነው፤ በአየር ማነስ ሩብ ያህል ጉልበቱን የሚያጣው ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ነው፤ የኤሌክትሪኩ አየር አይተነፍስም። «ሁልጊዜ 80 ላይ አቁም» የሚለው ምክር ለአንዱ ዓይነት ባትሪ ይበጃል፤ በብረትና በፎስፌት የተሠራው ግን፣ በቢዋይዲ መኪናዎች ውስጥ እንዳለው ያለው፣ ልኩን እንዳይስት አልፎ አልፎ እስከ መቶ መሞላት አለበት። ሰርቪስ አይፈልግም መባሉም ትክክል አይደለም፤ ጎማው በክብደቱ ምክንያት ቶሎ ያልቃል፣ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪም ስትደክም መኪናው ፈጽሞ የሞተ መስሎ ይቆማል፤ ባለቤቱ ዋናው ባትሪ ሄደ ብሎ ከመደንገጡ በፊት እርሷን ያስመርምር። በክረምት ዝናብ ቻርጅ ማድረግን መፍራት አያስፈልግም፤ የሚያስፈራው የመሬት ሽቦ በሌለው አሮጌ ሶኬት ላይ መኪና ሰክቶ መተኛት ነው። ስለዚህ በአያት ወይም በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው፣ መኪናውን ከመምረጡ በፊት ሌሊት የት ቻርጅ እንደሚያደርገው ይመርምር።

ጎረቤቴ መኪናቸውን አልሸጡትም፤ እኔም እንዲሸጡት አልመከርኋቸውም። በከተማ ውስጥ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በቀረው 46 ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ ከሰሚት ቦሌ ሚካኤል፣ ከዚያም ልጃቸው ዘንድ ወደ ጎሮ ሲመላለሱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሞሉት ይበቃቸዋል። በልኩ ዋጋ ተሽጦላቸው ቢሆን ኖሮ ለእርሳቸው ኑሮ ከዚህ የተሻለ መኪና ባልተገኘ ነበር። አሁን ለዘመድ ሊገዙ የሚሄዱ ሁሉ እርሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እርሳቸውም ዳሽቦርዱን ከማየታቸው በፊት የቤቱ ቆጣሪ ወዴት እንዳለ ይጠይቃሉ።