ስለ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሥራና ስለ ደቡብ ኦሞ የከብት ንግድ

በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ዘንድ ከብት የቤቱ ወተት፣ የልጁ ጥሎሽ፣ የክፉ ቀንም መጠባበቂያ ነው። በጂንካ፣ በዲመካና በቱርሚ ገበያዎች የሚቆመው ነጋዴም ገንዘቡን የሚያወጣው በዚሁ ሀብት ላይ ስለ ሆነ፣ የአርብቶ አደሩ ጉዳት ውሎ አድሮ የነጋዴው ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ የመንጋውን ጤና የሚጠብቀው ባለሙያ ሥራው ምን እንደ ሆነ ለአንባቢያን በአጭሩ መግለጽ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በአውሮፓ በዐሣማ እርባታ ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ እንስሳቱን በተዘጋ ቤት ያገኛቸዋል፤ እያንዳንዱ በጆሮው ቁጥር ይታወቃል፤ ሚዛኑም መዝገቡም በአጠገቡ ነው። ዐሣማ ማርባት ባልተለመደበት በሐመር፣ በበና፣ በዳሰነችና በኛንጋቶም አገር ግን ባለሙያው መንጋውን ተከትሎ ወደ ግጦሹና ወደ ውሃው መውረድ አለበት። የከብት ሚዛንም ይዞ ሊዞር አይችልም። የሙያው ፈተና የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ለቆላ ከብት ብርቱ ጠላት ከሆኑት በሽታዎች አንዱ ገንዲ ነው። ይህን በሽታ የሚያስተላልፈው በኦሞና በማጎ ወንዞች አካባቢ ባለው ቁጥቋጦ የሚኖረው የቆላ ዝንብ፣ ማለት ጼጼ ነው። የታመመው ከብት ትኩሳቱ ይመላለስበታል፤ ደሙ ያንሳል፤ ጠጉሩ ይቆማል፤ እየበላም ይከሳል። የሆድ ትላትልም ከብትን እንዲሁ ስለሚያከሳ፣ ዐዋቂ ባለሙያ በመልክ ብቻ አይፈርድም፤ ከጆሮው ሥር ጥቂት ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል።

ከምርመራው ቀጥሎ የሚመጣው የመድኃኒቱ ልክ ነው። ዲሚናዚን የተባለው የገንዲ መድኃኒት ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም ይሰጣል። እንግዲህ 1.05 ግራም መድኃኒት የያዘ አንድ እሽግ 300 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አንድ ከብት ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ባለሙያውም ከፊት እግሮቹ በስተኋላ የከብቱን ደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን ይገምትና በዚያው ልክ ይወጋል።

ነገር ግን ወጪ ለመቈጠብ ሲባል አንዱ እሽግ ለሁለት በሬዎች ቢከፈል፣ ተሐዋስያኑ በሙሉ አይሞቱም። የተረፉት መድኃኒቱን የሚችሉት ናቸው፤ ዝንቡም እነዚያኑ ወደ ጎረቤት መንጋ ያደርሳቸዋል። በጊቤ ሸለቆ የገንዲ ተሐዋስያን መድኃኒት የሚቋቋሙ መሆናቸው በ1980ዎቹ ዓ.ም. በምርመራ ተረጋግጧል። ስለዚህ በግማሽ መድኃኒት የተገኘው ቍጠባ የአገሩን ሁሉ መድኃኒት ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

ክትባትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የፍየል ሳምባና ደስታ መሰል በሽታ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቀው ይቀመጣሉ። ከቢሾፍቱ ማምረቻ ተነሥቶ እስከ ኦሞ ቆላ ባለው ረጅም መንገድ ቅዝቃዜው ቢቋረጥ፣ መልኩ ሳይለወጥ ኀይሉ ይጠፋል። ጥንቃቄው የሚያስገኘው ጥቅም ግን ታላቅ ነው፤ በ1880ዎቹ የኢትዮጵያን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ በክትባት ተሸንፎ፣ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል።

እንግዲህ ከነጋዴው የሚጠበቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የከብት መድኃኒት ከጉልት ሳይሆን ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ይግዛ። ሁለተኛ፣ ለእርድ የሚሆን ከብት ሲገዛ መቼ እንደ ተወጋ ሻጩን ይጠይቅ፤ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳይፈጸም ሥጋው ለምግብ ሊቀርብ አይገባምና። ሦስተኛ፣ የባለሙያውን ዋጋ እንደ መኪና ኪራይና እንደ ቀረጥ ሁሉ ከንግዱ ወጪ ይቍጠረው። በልኩ የታከመ በሬ ለባለቤቱ ጥሪት፣ ለገዢውም የማያሳፍር ዕቃ ነው።