ቼክ ኢንጂን ሲበራ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ኮዱን እወቁ

እኔ ምግብ ቤት አለኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ምሳ ሰዓት የሚመጡት ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሾፌሮች ስለሆኑ አንድ የማይቀር ወሬ አለ፦ "ያቺ ቢጫ መብራት በራችብኝ፣ ሺህ ዶላር ጠየቁኝ።" ስለዚህች መብራት ትንሽ ማወቅ የቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ያተርፋል።

አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የተሸጠ በቤንዚን የሚሠራ የቤት መኪና ሁሉ ከመሪው በታች የኮድ ማንበቢያ መሰኪያ አለው። ማንበቢያው በ20 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ ብዙ የመኪና ዕቃ መሸጫዎችም በነፃ ያነቡላችኋል።

ኮዱ የሚነግራችሁ የት እንደሚፈለግ እንጂ ምን እንደሚቀየር አይደለም። ኩሽና ውስጥ የጭስ አላርም ሲጮህ ሽንኩርት አርሮ ይሁን ቤት እየተቃጠለ አይናገርም፤ ሄዶ ማየት ነው። እንደ ራቭ ፎርና ሲአርቪ ባሉ ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች ላይ የሚዘወተሩት እነዚህ ናቸው።

ፒ0455 እና ፒ0456፦ የቤንዚን ትነት የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። መጀመሪያ የቤንዚን ክዳኑን ቀጭ ቀጭ እስኪል አጥብቁት፤ የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ክዳኑን ቀይሩ። ጥፋቱ እሱ ከሆነ መብራቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ይጠፋል።

ፒ0171፦ ሞተሩ ውስጥ ከቤንዚኑ ይልቅ አየር በዝቷል። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ይጸዳል፤ በጨርቅ አትንኩት።

ከፒ0301 እስከ ፒ0304፦ የመጨረሻው ቁጥር በደንብ የማያቃጥለው ሲሊንደር ነው። ብዙ ጊዜ ካንዴላ ወይም ኮይል ነው። መካኒኩ የሁለቱን ሲሊንደር ኮይል ያቀያይረው፤ ፒ0302 የነበረው ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው።

ፒ0128፦ ሞተሩ በጊዜው አይሞቅም። አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታት ነው፤ ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ እንደሆነ መጀመሪያ ተመልከቱ።

ፒ0420፦ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ሥራውን በሚገባ አልሠራም ማለት ነው። ይሄ ነው ኪስ የሚያራግፈው። ከመቀየሩ በፊት የጭስ ቱቦው እንዳያፈስ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩም እንዳልተበላሸ ይመርመር። መኪናችሁ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ካልሞላው፣ በፌዴራል ሕግ ኮንቨርተሩ ዋስትና አለውና መጀመሪያ ወደ ኩባንያው ወኪል ሂዱ።

ልብ በሉ፦ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ፍጥነት ቀንሱ፣ ደህና ቦታ ላይ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ኮንቨርተሩን ያቃጥለዋል፤ የትንሽ ኮይል ነገር የሺህ ዶላር ይሆናል። ለኢንስፔክሽን ብላችሁም ኮዱን አታስጠፉ፤ ኮምፒውተሩ ራሱን እስኪፈትሽ ቀናት መንዳት ስለሚፈልግ አያልፍላችሁም።

ልጆች፣ እናንተም ሥራ አላችሁ። ኮዱን በወረቀት ጻፉና ጋራዥ ስትሄዱ ለእናትና ለአባታችሁ ሁለት ጥያቄ አስተርጉሙላቸው፦ "ኮዱ ስንት ነው? የተበላሸው ይሄ ዕቃ መሆኑን በምን አረጋገጣችሁ?" እንግሊዝኛ ባይሞላላችሁም የኮዱ ቁጥር በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ አሳዩን በሉ።

መልካም መንገድ!